ግሥ የጎደለው መልስ

«ዛሬስ?» አሉ ወይዘሮ ኢልዳ፣ ገና ከገበታው ፊት ሳይደላደሉ።

ቺናሚ ጎድጓዳውን የሩዝ ሳህን ፊታቸው አኖረች። የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በበሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ ቁርስ በማቅረብ እናቷን ትረዳ ነበር። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ሴትዮዋ በዚህ የእንግዳ ማረፊያ ማደር ከጀመሩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቃል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ።

«ገና ነው» አለች በእንግሊዝኛ።

«ይሁን። ሰው እንዲያስብ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።» ወይዘሮ ኢልዳ ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው የዓሣውን ሳህን ፈለጉና የመብያ እንጨቶቹን አነሡ።

እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «ምን አሉ?» ስትል ጠየቀች።

«ያንኑ ነው።»

«እንግዲያ ምናልባት ነገ በያቸው።»

«ነገም እኮ የለም፣ እማዬ።»

«ዓሣው ያርርብኛል፣ አታስለፍልፊኝ። ሂጂ፤ አውቶቡሱ ጥሎሽ ይሄዳል።»

ቺናሚ ለእንግዳዋ «ምናልባት ነገ» አለቻቸውና ጫማዋን ለማጥለቅ ወጣች። ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ስታጠና ስለ ሰነበተች ዓይኖቿ ይቆጠቁጧት ነበር። ያደከማት ግን ጥናቱ ብቻ አልነበረም። በየማለዳው አንድ ዓይነት ውሸት ከሩዝና ከሾርባ ጋር ማቅረብ ሰውን እንዴት እንደሚያዝል ከዚህ በፊት አታውቅም ነበር።

ከካሚኖሴ መንደር በላይ፣ በዝግባው ጫካ ውስጥ፣ ያረጀ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ካኖን የተባለችው የርኅራኄ እመቤት ከአንድ ግንድ ተጠርባ በዚያ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ቆማለች። ሣጥኑ የሚከፈተው በሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በቀረው ዘመን ምእመናን የሚጸልዩት ከሣጥኑ ፊት ለቆመችው ምትክ ምስሏ ነው፤ በዚህም የሚከፋ የመንደር ሰው ኖሮ አያውቅም። ቺናሚ ራሷ በሣጥኑ ውስጥ ስላለው ነገር አስባ አታውቅም፤ ሰው ስለ ጎረቤቱ ጓዳ እንደማያስብ ሁሉ።

ወይዘሮ ኢልዳ ግን የመጡት ለዚያች ለተሸሸገችው ነበር። በአገራቸው በኡራጓይ ዕድሜያቸውን የፈጁት የተሰበሩ የቤተ ክርስቲያን ምስሎችን በመጠገን ነው። ጡረታ ሲወጡ ጃፓንን ለማየት ተነሡ፤ ግንቦቹን፣ የአትክልት ስፍራዎቹን፣ የመሳፍንቱን መቃብር አዩ፤ እያዩም ደከሙ። «የትም ቦታ ጫማ ማውለቅ፣ ጫማ ማጥለቅ» ብለዋት ነበር ቺናሚን በመጀመሪያው ቀን። «ወረፋ፣ ፎቶግራፍ፣ እንደገና ወረፋ። አሁን የቀረችኝ ይህች ናት። የጠረባት ሰው የመሮውን ጠባሳ ሳያለሰልስ ትቶታል ይባላል። እጁ በእንጨቱ ላይ እንዴት እንደ ሄደ ማየት እፈልጋለሁ።»

በዚያው ቀን ቺናሚ አስከትላቸው ወደ መቅደሱ ወጣች። የመቅደሱ አለቃ ጆኬይ ሻይ አቀረቡ፤ ልመናውንም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው በጥርሶቻቸው መካከል አየር ሳቡ። «ይህን ያህል ርቀው መጥተው ሳለ፣ ነገሩ እንኳ ትንሽ…» አሉና ዝም አሉ። ቆይተው «እንግዲህ አስብበታለሁ» ሲሉ ጨመሩ።

መልሱ ያለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ያውም ባልተነገረው ግሥ ላይ እንደ ነበር የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጃፓንኛ ግሥ የሚመጣው በስተ መጨረሻ ነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይቆማል፤ የቀረውን ሰሚው በልቡ ይጨርሰዋል። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። ተናጋሪው ገና አፉን ሲከፍት ግሡን በእጁ መያዝ አለበት። ስለዚህ ቺናሚ ግሥ ያጣችለትን ዓረፍተ ነገር ዘለለችና ግሥ ያለውን ብቻ አስተረጎመች፦ «አስብበታለሁ ይላሉ።» የእንግሊዝኛ መምህሯ ቢሰማት ሙሉ ነጥብ ይሰጣት ነበር።

ወይዘሮ ኢልዳ ደስ ብሏቸው ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፤ መልሱንም ሊጠብቁ ተቀመጡ።

በዛሬው የትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት የክፍል ጓደኛዋ ኢቡኪ ወንበሩን ወደ ቺናሚ አዙሮ ተቀመጠ። የመንደሩ ኑድል ቤት ልጅ ስለሆነ የሰው ወሬ ከሾርባው ጋር ይደርሰዋል።

«ፈረንጅሽ ትናንት እኛ ቤት ነበረች» አለ። «በስልኳ እያስተረጎመች ለአባቴ ‹ሰሞኑን ይከፈትልኛል› አለችው።»

«አባትህስ ምን አሏቸው?»

«ምን ይበላት? ‹እሰይ፣ ደግ ነው› አላት። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ‹ምስኪን› አለ። አለቃው ‹አስብበታለሁ› ብለው የለ?»

«ብለዋል።»

«እንግዲያ አለቀላት። እኔ አባቴን ጊታር ግዛልኝ ስለው ‹አስብበታለሁ› አለኝ። ያኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሰውዬው እስካሁን እያሰበ ነው።»

ቺናሚ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋም ቶሎ ጠፋ። «እሳቸው ግን ይህን አያውቁም።»

«ማነው ያስተረጎመላት?»

«እኔ ነኛ።»

«ኧረ ባክሽ። ሼም ነው።»

«ቃል በቃል ነው ያልኩት። አንድ ነገር አልጨመርኩም።»

«ማን ጨመርሽ አለሽ?» ኢቡኪ የሩዝ ጥቅልሉን ባንድ ጊዜ ጎረሰ። «ላሽ በያት። ሲሰለቻት ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ማንም እምቢ አላለም፣ ማንም አልተቀየመም። እኛ ሰፈር ሁሉም ነገር እንዲህ አይደል የሚያልቀው?»

«ባይሰለቻቸውስ?»

ኢቡኪ አፉ እንደ ሞላ ትከሻውን ሰበቀ።

ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሰማዩ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያወርድ ነበር። ወይዘሮ ኢልዳ ወደ መቅደሱ በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ከበሩ ክዳን ሥር፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። የአፍንጫቸው ጫፍ ቀልቷል።

«ይበርድዎታል» አለች ቺናሚ።

«ቤት ውስጥም ይበርደኛል። እዚህ ግን አለቃው ሲያልፉ ያዩኛል። በየቀኑ እጅ ይነሡኛል። ዛሬማ ፈገግም አሉ። ደግ ምልክት አይደለም?»

ቺናሚ ዝናቡን ከቦርሳዋ ላይ አራገፈች። «ነገ ወደ ናራ ይሄዱ አልነበረም?» አለች።

«ሰርዤዋለሁ። ኪዮቶንም ሰርዣለሁ። ሄጄ ሳለሁ ቢያስጠሩኝስ?»

«ናራ ከተማ ውስጥ እኮ ብዙ የእንጨት ምስሎች አሉ። ለሁሉም ሰው ክፍት የሆኑ።»

«አውቃለሁ። ይቺን ካየሁ በኋላ እሄዳለሁ።» ሴትዮዋ ጓንታቸውን አውልቀው በጣቶቻቸው ላይ ተነፈሱ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእናትሽ ግን አትንገሪ፤ ልታዝንልኝ ትጀምራለች። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ከመሃሉ ነው የጀመረው። ፊት ለፊት ሳይሽ ፊትሽ ጭስ ነው። ዞር ብዬ በጎን ሳይሽ አፍንጫሽን አገኘዋለሁ። ጭሱ በየወሩ ይሰፋል። የመሮ ጠባሳን የሚያህል ቀጭን ነገር ለማየት ብዙ ጊዜ እንደሌለኝ ሐኪሞቹ ነግረውኛል። እነሱስ ቁርጡን ነገሩኝ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ስለዚህ የማየውን እየመረጥኩ ነው።»

ቺናሚ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሴትዮዋ ሰውን በቀጥታ የማያዩት ከኩራት ይመስላት ነበር። ለኢቡኪ እንዲያ ብላው ሁለቱም ስቀውበታል። «ይግቡና ትኩስ ነገር ይጠጡ» አለች።

«አንቺ ግቢ። እኔ ትንሽ እቆያለሁ።»

እናቷ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል እየፈተገች ነበር። ቺናሚ በሩ ላይ ቆመች።

«ልነግራቸው ነው።»

«ምኑን?»

«አይከፈትም ብዬ።»

እናቷ ብሩሹን ሳትለቅ ቀና አለች። «አለቃው አይከፈትም ብለዋል?»

«እማዬ፣ እንዳሉ ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀውና እሳቸው ያሉት ለየቅል ነው። አስብበታለሁ ነው ያሉት። አንቺ ተነሥተሽ እምቢ ብለዋል ስትዪ፣ ያልወጣቸውን ቃል በአፋቸው ከተትሽ ማለት ነው። ሴትዮዋ ነገ ወጥተው ቢጣሏቸውስ? ለዚህ ቤት እንግዳ የሚልኩልን ማን ሆኑና?»

«እና በየቀኑ ደረጃው ላይ ይቀመጡ?»

«ማን አሰራቸው? ክረምቱን ባዶውን በሚከርም ቤት አንድ እንግዳ ቢቆይ ለእኔ ምን ክፋት አለው?» እናቷ ይህን እንደ ተናገረች ራሷ አፈረችና ወደ ወለሉ ተመለሰች። በአንድ እጇ ትፈትጋለች፤ በሌላው ወገቧን ይዛለች። «ቺናሚ፣ ደክሞኛል። ስለዚህ ነገር ልከራከርሽ አልችልም። ሰኞ ፈተና አለብሽ፤ ሂጂና አጥኚ።»

ቺናሚ የእናቷን ጀርባ ስታይ ቆየች። ስለ ዓይናቸው ብትነግራት ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ ነበር፤ አትንገሪ ተብላለች፤ ስለዚህ አልነገረቻትም። ጫማዋን እንደገና አጠለቀችና በጓሮው መንገድ ወደ መቅደሱ ወጣች፤ በደረጃው በኩል ብትሄድ ሴትዮዋ ያገኟታል።

አለቃ ጆኬይ በትንሿ ክፍላቸው ከጋዝ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ካልሲያቸውን እያደረቁ ነበር። ተተኪ ስላልተገኘ በሸለቆው ውስጥ ያሉትን የሌሎች መንደሮች መቅደሶችም ብቻቸውን ነው የሚጠብቁት፤ አንዱን ቀብር ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሄዱ ይውላሉ።

«ቺናሚ፣ ነይ ሙቂ። ጥናት እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። አለቃ፣ ስለ ወይዘሮ ኢልዳ ነበር።»

«አዎ፣ አዎ። ደግ ሴት ናቸው። በዚህ ብርድ እዚያ ተቀምጠው ሲውሉ እያየሁ ይገርመኛል። ቦታውን እጅግ ወደውታል። ባለፈው እሑድ ለምእመናኑም ነገርኳቸው፤ ‹ከባሕር ማዶ የመጡ ሴት በራችን ላይ ተቀምጠው ያሰላስላሉ፤ እኛ ግን እንሮጣለን› አልኳቸው።»

«አያሰላስሉም» አለች ቺናሚ። «የእርስዎን መልስ እየጠበቁ ነው።»

«የምኑን መልስ?»

«የሣጥኑን።»

አለቃው ካልሲያቸውን ከምድጃው አራቁ። «እሱንማ መልሼ የለም እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺው ነበርሽ ያስተረጎምሽላቸው።»

«‹አስብበታለሁ› ያሉትን አስተረጎምኩ። የፊተኛውን በእንግሊዝኛ ማለት አልቻልኩም። መጨረሻ አልነበረውም።»

አለቃ ጆኬይ ካልሲውን በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ ምድጃው አዩ። ፊታቸው በአንዴ ያረጀ መሰላት።

«እኔም አይቻት አላውቅም» አሉ። «ይህን ታውቂ ነበር? ባለፈው ስትከፈት ሌላ አለቃ ነበሩ፤ እኔ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። በየማለዳው ከፊቷ ተንበርክኬ እጸልያለሁ፤ ምን እንደምትመስል ግን ከእኚያ ሴት የበለጠ አላውቅም። የመክፈቻው ዘመን ሲመጣ በሕይወት ከኖርኩ አያታለሁ። እና ሴትዮዋ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው ሲለምኑኝ፣ በደረቁ…» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

«ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?» አለች ቺናሚ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአለቃ አይቀርብም፤ ከአፏ እንደ ወጣ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

አለቃው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው በጥርሶቻቸው መካከል አየር ሳቡ። «እሱ እንኳ… እንግዲህ አንቺው እንደሚሆን አድርገሽ…»

ቺናሚ ጠበቀች። ምድጃው ተንጣጣ። ካልሲው በአለቃው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ግሡ አልመጣም፤ እንደማይመጣም ገባት። እጅ ነሥታ ወጣች።

ወይዘሮ ኢልዳ አሁንም እዚያው ነበሩ። ቺናሚ ከላይ ወደ እሳቸው ስትወርድ የምትናገረውን በልቧ ደረደረች፤ ይቅርታ መጠየቂያውን፣ ወጉ እንዲህ ስለ መሆኑ፣ አለቃውም ስለ ማዘናቸው። ከፊታቸው ደርሳ አፏን ስትከፍት ግን እንግሊዝኛው አስቀድሞ ግሡን ጠየቃት።

«አይከፈትም» አለች። «መልሱ እምቢ ነው።»

«ዛሬ ነው የነገሩሽ?»

ጥያቄው ሰፊ በር ነበር። አዎ ብትል አለቃውም፣ እናቷም፣ እሷም በዚያ ያልፉ ነበር።

«አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ነው። እኔ ቃላቸውን አስተረጎምኩ እንጂ ያሉትን አላስተረጎምኩም።»

ወይዘሮ ኢልዳ ሊነሡ ሞክረው መልሰው ተቀመጡ። «እናትሽም ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«የኑድል ቤቱ ሰውዬም?»

«እሳቸውም።»

«እና ሁላችሁም ጠዋት ጠዋት ሰላም ትሉኝ ነበር።» ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ የደከመ ብቻ ነበር። «ናራን ሰርዤ። ዓይኔን እዚህ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ። ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ክፉዎች አይደለንም ልትል አሰበች። አሰበችና ተወችው፤ እውነት ቢሆንም የጠፋውን ቀን አይመልስም። ሴትዮዋ ሲነሡ እጇን ዘረጋችላቸው። እሳቸው ግን የብረቱን መደገፊያ ይዘው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው እየዳሰሱ፣ ለብቻቸው ወረዱ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

እናቷ ፎጣውን እያጣጠፈች ወደ ላይኛው ፎቅ አየች፤ ከዚያ የመሳቢያ መከፈትና መዘጋት ይሰማ ነበር። ቺናሚ ቁጣውን ጠበቀች።

«ሂጂና ውኃው ሞቋል በያቸው» አለች እናቷ። «ዛሬ ከሁሉ በፊት እሳቸው ይታጠቡ።»

ወይዘሮ ኢልዳ ሻንጣቸውን በምንጣፉ ላይ ከፍተው ልብስ ይደረድሩ ነበር። ስለ ውኃው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልዞሩም።

«ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ» አሉ። «ናራም ስደርስ የምጠይቀው ነገር ይኖራል። እዚያ የሚያስተረጉምልኝ የለም። ሰዎች እምቢ ሲሉኝ በምን አውቃለሁ? አስተምሪኝ።»

ቺናሚ ከሻንጣው ማዶ ተንበረከከች። «‹አስብበታለሁ› ካሉ እምቢ ነው።»

«እሱንስ ተማርኩት።»

«‹ትንሽ› ብለው ከቆሙም እምቢ ነው።»

«ምን ትንሽ?»

«ምንም። ትንሽ ብቻ።»

«ሌላስ?»

«‹አስቸጋሪ ነው› ካሉ አይሆንም ማለት ነው።»

«አስቸጋሪ ነገር እኮ የሚቻል ነገር ነው።»

«እኛ ዘንድ አይደለም።» ቺናሚ ጥቂት አሰበች። «እንዲህ አየር ከሳቡ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው።» ራሷን ዘንበል አድርጋ አሳየቻቸው።

ወይዘሮ ኢልዳ ሞከሩት። ድምፁ ትኩስ ሾርባ ፉት እንደሚል ሰው ሆነ።

«ረዘም ይበል። ዓይንዎን ደግሞ ወደ መሬት ያድርጉ።»

እንደገና ሞከሩት።

«አሁን አለቃውን መሰሉ» አለች ቺናሚ። ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ግን አልሳቁም።

«እሺ ሲሉስ በምን አውቃለሁ?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ያደርጉታል» አለች። «ወዲያው ተነሥተው ያደርጉታል።»

ሴትዮዋ ወፍራም ሹራባቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ እጅጌውን በመዳፋቸው አለሰለሱ።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ። «አብረሽኝ ናራ ብትመጪስ? ምስሎቹን እያየን፣ የማይታየኝን አንቺ ትነግሪኛለሽ። ማታ ትመለሻለሽ።»

የቺናሚ ራስ ዘንበል አለ። አየሩ በጥርሶቿ መካከል መግባት ጀምሮ ነበር፤ ቃሉም፣ ያ ጨዋው፣ ያ ማንንም የማያስቀይመው ቃል፣ በምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እነዚያን ሁሉ ጠዋቶች አሰበች። እናቷንም፣ ያልተከፈተውን የሒሳብ መጽሐፏንም አሰበች። አፏን ዘጋችና ራሷን ቀና አደረገች።

«አልመጣም» አለች። «ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

ወይዘሮ ኢልዳ የሚቀጥል ነገር እንዳለው ሁሉ ጥቂት ጠበቁ። የሚቀጥል እንደሌለው ሲገባቸው «እሺ» አሉና ሹራባቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።